ብዛት፦ አንድ

በእኛ ኮንዶሚኒየም ግቢ ቆሞ «ኢንጂነር!» ብሎ የተጣራ ሰው ቢያንስ ሦስት መስኮት ይከፈትለታል። አንዱ ሥራ ፈላጊ ነው። ሁለተኛው ሥራ አግኝቶ ሌላ ሥራ የሚፈልግ ነው። ሦስተኛው ሥራ አለው፣ ደመወዝ ግን የለውም፤ ኮንትራክተሩ ክፍያ እስኪለቀቅለት ይጠብቃል፣ አሠሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ በጀት ይጠብቃል። እንዲህ ተጠባብቀን እንኖራለን። ሳያስጠብቅ ከች የሚል አንድ ነገር ቢኖር የሥራ ወሬ ነው።

ወሬው እንዴት እንደሚጓዝ ላውጋችሁ። ጠዋት ቴሌግራም ላይ ቫካንሲ ይለቀቃል። ሥራ ፈላጊው ልጅ ከእንቅልፉ ሳይነሳ አይቶታል። ረፋድ ላይ አክስቱ ከሐዋሳ ትልክለታለች። ከሰዓት አጎቱ ከዋሽንግተን ይልክለታል፤ «አንተ ልጅ አሁንም ተኝተሃል?» የሚል የድምፅ መልእክት መርቆ። እናቱ ደግሞ ቡና ላይ ሰምታ «መንገዶች ነው መሰለኝ፣ ወይም ውኃ፣ ብቻ አንድ ትልቅ ቦታ ሰው ይፈልጋሉ» ብላ ታበስረዋለች። ሰፈሩን ዞሮ እኔ ስልክ ላይ ሲደርስ የተቀጠረው ሰውዬ የዓመት ፈቃድ ወጥቷል። እኔም እልከዋለሁ። መላክ አያስከፍልም፤ «እሷ እንኳ አላሰበችልኝም» ከመባልም ያድናል።

ቴሌግራም ሳይመጣ የዚህ ሁሉ መናገሻ አራት ኪሎ ነበር፤ ዛሬም ዙፋኑን አልለቀቀም። እዚያ የማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት የሚቆመውን ሰው አስተውላችሁት ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ታክሲ የሚጠብቅ ይመስላል። ቀስ እያለ ይጠጋል። ከዚያ ለሌላ ሰው እንደሚያይ ሁሉ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ያነባል፤ የሚያውቀው ሰው ከመጣም «ለታናሽ ወንድሜ ነው» ይላል። ያ የሚያውቀው ሰውም የመጣው ለታናሽ ወንድሙ ነው። አራት ኪሎ ላይ የሚቆመው ሕዝብ ቢቆጠር ይህቺ ከተማ በታናሽ ወንድም ተጥለቅልቃለች።

ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነበውማ የራሱ ዓለም አለው። አዲስ ዘመን ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ ስንት መንግሥት ሲሄድና ሲመጣ አይቷል፤ የእኛ ኢንጂነር ግን የፊት ገጹን አይቶት አያውቅም። ረቡዕና እሁድ ሪፖርተር ሲወጣም እንደዚያው ነው፤ እጁ ቀጥታ ማስታወቂያው ገጽ ላይ ያርፋል። ጎኑ የተቀመጠው ሰው «ሚኒስትሩ ተነሱ እኮ!» ቢለው ቀና ሳይል «ለቦታው ስንት ዓመት ልምድ ይጠይቃሉ?» ይላል።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን እንሥራው። ማስታወቂያው «ሳይት ኢንጂነር፣ ብዛት 1» ይላል። ለዚህ አንድ ሰው ጋዜጣ አከራዩ ተከፍሎታል፣ ሲቪ የምትተይበው ልጅ ተከፍሏታል፣ «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒውን» የተባለበት ፎቶ ኮፒ ቤት ማሽኑ እስኪግል ሠርቷል፣ ባለ ታክሲው ከመገናኛ ሜክሲኮ ተመላልሷል፣ የቻናሉ ባለቤት ተከታዩ በዝቶለታል። ሳይት ኢንጂነሩ ሳይቀጠር ስንቱ እንጀራ በላበት! እኔ በበኩሌ አሠሪዎቹ ማስታወቂያውን ቀድደው ሥራውን ለማንም ባይሰጡም አልቀየማቸውም፤ ብዙ ሰው አሳድረዋል።

የማስታወቂያው አጻጻፍም ራሱን የቻለ ዲግሪ ይፈልጋል። «ሲቪል ምህንድስና ወይም ተመሳሳይ» ከተባለ፣ ኬሚካል የተማረው «ሲሚንቶስ ኬሚካል አይደለም እንዴ?» ብሎ ያመለክታል። «ደመወዝ በስምምነት» ማለት ባለቤቱ ከራሱ ጋር ተስማምቶ ጨርሷል፣ የቀረው የእናንተ ፊርማ ነው ማለት ነው። «የሥራ ቦታ፦ ፕሮጀክት» የተባለው ቦታ የት እንደሆነ የሚታወቀው ኔትወርክ ሲጠፋ ነው። «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» የምትለዋን መስመር በተመለከተ የብሎካችንን ሜካኒካል ልጅ ጠይቄያት ነበር። ደጋግመው አበረታተዋታል። የቀጠራት ግን የለም።

ልምድ ካለም ጣጣው አያልቅም፤ ወረቀት ያስፈልጋል፣ ያውም የሥራ ግብር የተከፈለበት። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ ሁሉ አሠሪው የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ ይስጠው ይላል። የግል ድርጅት አለቃ ግን ያቺን አንድ ገጽ እንደ ቤት ካርታ ነው የሚቆልፍባት። ሠራተኛውም ሥራ ሊቀይር ነው እንዳይባል ብልሃት አለው፦ «ጋሼ፣ ለባንክ ብድር ፈልጌው ነበር» ይላል። ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። አለቃውም በጊዜው ሌላ ቤት እየሠራ ሳለ እንዲሁ ብሎ ነው የወጣው። ስለዚህ መነጽሩን ዝቅ ያደርግና «የትኛው ባንክ ነው ደግሞ ሬዚደንት ኢንጂነር የሚፈልገው?» ይለዋል።

ወደ እናቶች ልምጣ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር ብሎ ወሰነ። በእኛ ሰፈር እናቶች ጉዳዩን ቀድመው 100 በመቶ አጽድቀውት ነበር። ልጁ ገና ዲፓርትመንት ሳይመርጥ፣ ፍራሹን ተሸክሞ አውቶቡስ ተራ ሲሸኝ ነው «ኢንጂነር» የሆነው። አምስት ዓመት ተምሮ ሲመለስ ማዕረጉ አርጅቶ ጠብቆታል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና የሚባልም ተጨምሯል፤ ልጁ እሱን ያለፈ ቀን ድፎ ተቆርሶ፣ ቄጤማ ተጎዝጉዞ «እንኳን ደስ አለሽ» ተባብለናል። ደስታችን ሲበርድ አንዷ «ታዲያ መቼ ነው ሥራ የሚገባው?» አለች። ድፎውን በልታ ነው እንግዲህ።

ማዕረጉ ደግሞ ግዴታ አለበት። ሶኬት የተቃጠለበት፣ ቧንቧ የሚያንጠባጥብበት፣ ዲሹ «ኖ ሲግናል» ያለበት ሁሉ የሚጣራው ኢንጂነሩን ነው። ልጁ የተማረው የመንገድ ሥራ መሆኑን ጠንቅቄ እያወቅሁ የሻወሬን ማሞቂያ አሳይቼዋለሁ። አየው። ዞሮ አየው። በስልኩ መብራት አየው። «እትዬ፣ ኤሌክትሪሻን ይጥሩ» አለኝ። ይህንንማ ሳይማርም ይለኝ ነበር! ኤሌክትሪሻኑ መጥቶ በአሥር ደቂቃ ጨርሶ የጠየቀኝን ዋጋ ስሰማ ደግሞ የሰፈራችን ልጆች ሁሉ ምነው ያኔ ቴክኒክና ሙያ በገቡ አልኩ። ለራሴ ልጅ ግን አላልኩም።

የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ብሎካችን በእልልታ ተናወጠ። ቴሌቪዥኑ 5,150 ሜጋ ዋት ሲል አንገታችንን ነቀነቅን፤ ሜጋ ዋት ምን እንደሆነ የጠየቀም የመለሰም የለም። በዚያ ሁሉ ደስታ መሀል አንዷ እናት ወደ ልጇ ዞራ «ይኸው ሰው ሠርቶ ጨረሰ! አንተ ሲቪህን እያሳመርክ ቁጭ በል» አለችው። ግድቡ በመጋቢት 2003 ሲጀመር ልጁ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበር።

በዕድሜ የበሰሉትስ? ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ የተመዘገቡ ባለሙያ ናቸው። ኮንትራክተር ደረጃውን ጠብቆ ፈቃዱን ለማሳደስ ይህን ያህል የተመዘገበ መሐንዲስ አለኝ ብሎ ማሳየት አለበት፤ መሐንዲስ ከመቅጠር ደግሞ የመሐንዲስ ላይሰንስ መከራየት ይረክሳል። ነገሩ ክልክል መሆኑን የማያውቅ የለም፤ የማያደርገውን ፈልጎ ማግኘት ነው ከባዱ። እናም ጋሼ ቤታቸው ፒጃማ ለብሰው ሻይ ይጠጣሉ፣ ላይሰንሳቸው ሥራ ውሎ ይገባል። ባለቤታቸው «ከዚህ ቤት ማልዶ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው» ይላሉ። የሆነ ቦታ ግንብ ተሰነጠቀ፣ ደርብ ተናደ የተባለ ቀን ግን ከጋሼ በላይ የሚቆጣ የለም። ጠረጴዛውን እየደበደቡ «ለመሆኑ እዚያ ቦታ ኢንጂነር የሚባል አልነበረም?» ይላሉ።

ምክር ደግሞ በየወቅቱ ነው የሚቀየረው። ቀላል ባቡሩ በመስከረም 2008 መሮጥ ሲጀምር «ባቡር ተማር» ያላለ ዘመድ አልነበረም። ባቡሩ መዘግየት ሲጀምር ምክሩም ዘገየ። ከዚያ ኮሪደር ልማት መጣ፤ ቱቦና ንጣፍ የማያውቅ ሰው ዛሬ የለም፤ እግረኛ መንገዱ ላይ ቆሞ የሥራ ጥራት የሚገመግም ጡረተኛ ሞልቷል። በ2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ከታወጀ ወዲህ ደግሞ ጎረቤቴ ጉልት ላይ ሽንኩርት እየመረጡ ልጃቸውን «ሕንፃውን ተውና ኮዲንግ ግባ» ይሉታል። ኮዲንግ ምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «እኔ ምን አውቄ፣ ቤት ተቀምጦ በዶላር የሚሠራ ነው አሉ።» ልጁማ ግማሹን ይዞታል፤ ቤት ተቀምጧል።

ሥራውን ያገኘውንም አንተወውም። የሙከራ ጊዜው በአዋጅ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ ሰፈሩ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ዕቁብ አስገብቶ፣ ለሠርግ ኮሚቴ መርጦ፣ «እዚያ የእኔን ልጅ አታስገባልኝም?» ብሎ ጨርሶታል። እሱ ገና የራሱን ወንበር አላገኘም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የኢንጂነሮቹ የርስ በርስ ቸርነት ነው። ግቢው ውስጥ አብረው ይቆማሉ፣ አንድ ሲጋራ ለሦስት ያጨሳሉ፣ ብር ያለው ለሌለው ማኪያቶ ይከፍላል። ቫካንሲ ላይ ግን የቸርነታቸው መጠን በልምድ ዓመት ይለካል። አሥር ዓመት ልምድና የውጭ አገር ማስተርስ የሚጠይቅ ሲወጣ ወዲያው ይላላካሉ፤ «ብሮ፣ ይቺ አንተን ነው የምትፈልገው» እየተባባሉ። አምስት ዓመት የሚጠይቀውን በማግስቱ ይላላካሉ። ሁለት ዓመት የሚለውን «አይተኸው ይሆናል ብዬ» ብለው ከሳምንት በኋላ ያነሱታል። ዜሮ ዓመት የምትል ከመጣች ግን ግቢው ጸጥ ይላል። የሚሳሳቅ የለም፣ ማኪያቶም የለም። ሁሉም «አክስቴ አሟታል» ብሎ በየፊናው ይወጣል። ረፋድ ላይ ሁሉም የድርጅቱ በር ላይ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ፣ ፋይል በብብቱ ይገናኛል። ይተያያሉ። አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «ለታናሽ ወንድሜ ነው» ይላል።

ስለ እነሱ ይህን ሁሉ ያልኩት ስለ እናንተ ላለማለት ነው። ስልካችሁ ውስጥ ለማንም ያላሳያችሁት አንድ የዜሮ ዓመት ማስታወቂያ እንዳለ አውቃለሁ። የማመልከቻው ቀን ሳያልፍ ላኩት። ለእኔም ብትልኩልኝ አልጠላም፤ የእህቴ ልጅ ኤሌክትሪካል ነው፣ የመውጫ ፈተናውን ዘንድሮ ነው ያለፈው።