«አባትህ መጣ!»

በእኛ ጊዜ ኳስ ሜዳ ላይ እንደ «አባትህ መጣ!» የሚያስፈራ ጩኸት አልነበረም። ፊሽካ አያስፈልግም፤ ጨዋታው በራሱ ይቆማል። ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቀን የሠራናት ኳስ ወደ ቱቦ፣ እኛ ወደ አጥር። በሰፈሩ ሕግ፣ በሦስት ኮርና የተገኘች አንድ ሪጎሬ ሳትመታ ትቀራለች። አባት ቀበቶውን እጁ ላይ ጠቅልሎ «ኳስ ያበላሃል?» ይላል። ይህ ጥያቄ አይደለም፤ የመለሰ ሁለት ጊዜ ነው የሚገረፈው።

ዛሬም «አባትህ መጣ!» ይባላል። ቀበቶው ግን ሱሪው ላይ ነው፤ በእጁ ሙዝና ውሃ ይዟል። ጥያቄውም ተገልብጧል፦ «ለምን አላገባህም?»

ቅዳሜ ጠዋት የፕሮጀክት ልጆች ሲጋጠሙ ሄዳችሁ እዩ። ሜዳው ግማሹ ጠጠር፣ ግማሹ አቧራ ነው። በየቡድኑ አንድ አሰልጣኝ አለ፣ በየመስመሩ ደግሞ ሃያ።

«ምታ! ስጥ! ውጣ! ተመለስ!» አለ አንድ አባት፣ በአንድ ትንፋሽ። ልጁ ኳሷን ረግጦ ቆመ።

«አባዬ፣ አንዱን ምረጥ!»

እሱ ይህን ሲል ተከላካዩ ኳሷን ይዞበት ሄደ። አባት ወደ እኛ ዞሮ «ልጁ ትእዛዝ አይሰማም» ብሎ ከሰሰ። አጠገቤ ቆሎ የምትቆረጥም አንዲት እናት ነበረች፤ «ምን ያድርግ? እግሩ ሁለት፣ ትእዛዙ አራት» አለችው።

ሌላው አሰልጣኙን ነው የያዙት።

«አንተ፣ ልጄን መቼ ነው የምታስገባው?»

«ገብቷል እኮ ጋሼ። ያልወጡት እርስዎ ነዎት።»

እውነቱን ነው። ጋሼ በቆዳ ጫማቸው መስመሩን አልፈው ሦስት ሜትር ገብተዋል። የመስመር ዳኛው በባንዲራው ዘንግ ቀስ እያደረገ፣ በግ እንደሚነዳ ሰው ወደ ውጭ ይመልሳቸዋል። ተመልሰው ይገባሉ።

ደግሞ የጉልበት ታሪክ አለ። ከመስመር ዳር ካሉት አባቶች ጉልበቱ ያልተጎዳ የለም። ሁሉም ለትልቅ ክለብ ሊፈርም አንድ ቀን ሲቀረው ነው የተጎዳው። እስክሪብቶው ተከፍቶ ነበር! ያንን ያልተፈረመ ፊርማ ነው ልጁ በ14 ዓመቱ የሚጠየቀው።

«እኔ ጉልበቴ ባይጎዳ ኖሮ...»

«አባዬ፣ ጉልበትህ እኮ የተጎዳው የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ነው። እማዬ ነግራኛለች።»

ወደ እድሜ ልለፍ፤ ይህ እንኳ ከጉልበቱ የባሰ ነው። ባለፈው የታዳጊዎች ግጥሚያ ላይ «አንድ ወላጅ ሜዳ ገብቷል፣ አስወጡልን!» ብለን ስንጮህ፣ በረኛው ሆኖ ተገኘ። ጎረቤቴም ልጁ 18 ሲሞላ ወረቀት አስጽፎ 16 አደረገው። ልጁ ወረቀቱን አገላብጦ አየና «አባዬ፣ በዚህ መሠረት እኔና እህቴ በአራት ወር ልዩነት ነው የተወለድነው» አለ። ከማድቤት ድምፅ መጣ፦ «እሰይ! እኔ ያላማጥኩትን ማህተም አማጠልኝ!»

ወረቀት ሰው ያለውን ይቀበላል፤ አጥንት ግን የራሱ መዝገብ አለው። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማየት ጀመረ። የሚያድገው የአጥንቱ ጫፍ ፈጽሞ ገጥሞ ከተገኘ ልጁ ታዳጊነቱን ጨርሷል ይባላል። ይህን ለጎረቤቴ ብነግረው ምን አለኝ? «እሱ እጁን ምን ያደርጋል፣ ኳስ የሚጫወተው በእግሩ ነው!»

የሩጫ ወላጆችም አሉ፤ እነሱ የሚምሉት በኃይሌ ነው።

«ኃይሌ እኮ 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄደው! አንተ በታክሲ!»

«የኃይሌ አባት ሩጫውን አይወዱለትም ነበር። እስኪ አንተም ተቃወመኝና እንየው።»

ልጁ ልክ ነው፤ ነገሩን እኔ ልጨርስለት። ኃይሌ ግራ ክንዱን ደብተር እንዳቀፈ ልጅ አጥፎ ነበር የሚሮጠው፤ የዓለም ሻምፒዮን ከሆነም በኋላ አልተወውም። የዛሬ አባት ዳር ቆሞ ቢሆን «ክንድህን ዘርጋ!» እያለ ነፍሱን ያወጣው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። አንድ ጊዜ «ክንድህን!» ብሎ ለመጮህ ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ዞር ብሎ ለመስማትማ ተዉት።

አባትየው ግን ዝም ብሎ የሚሸነፍ አልነበረም። «ኃይሌ ክንዱን ያጠፈው ደብተር ይዞበት ነው። ያንተ ደብተር የት አለ?» አለ። ልጁ ፀጥ። አንድ ለአንድ።

ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ደግሞ «ልጄ ስፖርተኛ ሆነ» ብሎ ደወለልኝ። በየሳምንቱ መጨረሻ ከከተማ ከተማ ያመላልሰዋል። «ለመሆኑ በአንድ ጨዋታ ስንት ኪሎ ሜትር ይሮጣል?» ብለው «እሱ ስድስት፣ መኪናዬ መቶ ስልሳ» አለኝ። ሲመለሱ ልጁ ከኋላ ወንበር ላይ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይሰካል።

«አውልቀው፣ እየመከርኩህ ነው!»

ኮልተፍ በሚለው አማርኛው «አባ፣ ጨዋታው ሰባ ደቂቃ ነበር። ምክርህ ጭማሪ ሰዓት ገባ» ይለዋል።

እዚያ አንዳንድ የታዳጊ ሊጎች ወላጅ እንዳይጮህ የሚከለከልበት «የዝምታ ቅዳሜ» አላቸው፤ አፍ መዝጊያ ሎሊፖፕ የሚያድሉም አሉ። የእኛን ሰው አላወቁትም። ቆርጥሞ ይውጥና በእንጨቱ እየጠቆመ ይቀጥላል።

እንግዲህ ስስቅ ከረምኩ፤ ተራዬ ደረሰ። እኛ ከቀበቶ ተደብቀን ሜዳ የምንሮጠው ኳሷ ስለምትጣፍጥ ብቻ አልነበረም። በሰፈሩ ውስጥ አባት የሌለበት ቦታ እሱ ብቻ ስለነበረ ነው። ያንን ቦታ ነው ዛሬ ሙዝ ይዘን ልጆቻችንን የቀማናቸው። ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት ግን ልጄ ካባረረችኝ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ የገባኝ አይምሰላችሁ።

ልጄ 14 ዓመቷ ነው፣ በግራ ክንፍ ትጫወታለች። ዛሬም ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። በእረፍት ሰዓት መጣች፣ ላቧን በማሊያዋ ጠረገች።

«አባዬ፣ እኔ ቢሮህ መጥቼ 'ፈርም! ላክ! ተነሳ!' እልሃለሁ?»

«ብትመጪማ ደመወዜ ይጨመር ነበር።»

«መጀመሪያ አንተ ግባ።»

በየቀኑ እንደማረፍድ ታውቃለች። ከሜዳው ጀርባ፣ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ወዳለችው ሻይ ቤት በጣቷ ጠቆመችኝ። ሄድኩ። ሌላ ምን አማራጭ አለ? ቀይ ካርድ ነው።

ሻዬን ይዤ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። አጥሩ ሚስማር የወለቀበት ቀዳዳ አለው፤ ዓይኔን አስጠጋሁ። ልጄ ኳስ ደረሳት። ተከላካይዋን ለማለፍ ሞከረች፣ ተነጠቀች፣ አቧራው ላይ ተዘረረች። እኔ ብኖር ይህን ጊዜ ወደ መስመሩ ዞራ ፊቴን ታይ ነበር። አሁን ግን ማንንም አላየችም። ተኝታ ሳቀች፤ የነጠቀቻትም ልጅ ሳቀች፤ እጇን ሰጥታ አነሳቻትና ሁለቱም ኳሷን ተከትለው ሮጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሜዳ ወስጃት እዚያ ስትስቅ ያየሁት ገና ዛሬ ነው፣ ያውም በሚስማር ቀዳዳ።

ይበልጥ ለማየት ስጠጋ ቆርቆሮው ተንኳኳ። በረኛዋ ዞር አለችና የሚያበራ ዓይን አየች።

«ኧረ አባትሽ መጣ!»

እግሬ የድሮውን ነው የሚያውቀው። ማን አባት፣ ማን ልጅ እንደሆነ ሳያጣራ ቱቦውን ዘሎ፣ በመንደሩ መሃል ይዞኝ ነጎደ።

«ጋሼ!» አለች ባለ ሻይዋ ከኋላዬ። «ጋሼ፣ ሂሳብ!»