በማን ስም?

ከሞያሌ ወደ ሞያሌ በእግር ነው የሚኬደው። ባለፈው ዓመት የእህቴን ልጅ ለመጠየቅ ከሐዋሳ ወርጄ ወደ ኬንያው ሞያሌ ስሻገር፣ በእጄ በሶና ቅቤ፣ በልቤ ደግሞ አንድ ሐሳብ ይዤ ነበር፦ ለልጅቷ ስልክ መግዛት።

ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው። አባቷ የቦረና ሰው ነበር፤ አርፏል። እናቷ፣ ታላቅ እህቴ፣ ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ ትሠራለች። ያሳደገቻት የአባቷ እናት ናት። ቦረናዎች አያትን አኮ ይላሉ፤ እኔም አኮ እላታለሁ። እናትና ልጅ የሚገናኙት ጎረቤት ስልኩን ሲያውስ ብቻ ነበር። ይህ ያንገበግበኝ ነበር።

ቀፎውን ለመግዛት አልተቸገርንም። ባለሱቁ ዕድሜ አልጠየቀም፤ የሚጠይቅበትም ምክንያት የለም። ሲም ካርዱን ልንገዛ ወደሚቀጥለው ሱቅ ስንገባ ግን ወጣቷ ሻጭ ልጅቷን አየችና "ኪፓንዴ?" አለች። መታወቂያ ማለቷ ነው። ቃሉ ያረጀ ነው፤ በቅኝ ግዛት ዘመን ከ16 ዓመት በላይ የሆነ አፍሪካዊ ወንድ በቆርቆሮ ማኅደር ከትቶ አንገቱ ላይ እንዲያንጠለጥል የተገደደው ወረቀት ስም ነበር። ዛሬ ኬንያዊ መታወቂያ የሚያወጣው 18 ሲሞላው ነው።

የኬንያ ሕግ ልጅ ስልክ እንዳይዝ አይከለክልም። መስመሩ ግን ያለ ባለቤት አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የሲም ካርድ ምዝገባ ደንብ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ መስመሩን በወላጁ ወይም በአሳዳጊው በኩል እንዲያስመዘግብ አዘዘ። በ2022 የአገሪቱ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ምዝገባው በትክክል ያልተሟላ መስመር እንደሚዘጋ አስታውቆ፣ መጀመሪያ እስከ ኤፕሪል 15፣ በኋላም እስከ ኦክቶበር 15 ጊዜ ሰጥቶ ነበር። ኬንያ ውስጥ ስልክ ማለት ኪስ ማለት ነው። በስልክ ገንዘብ የሚላክበት ኤም ፔሳ ከጀመረበት ከ2007 ወዲህ ሰው ደመወዙን፣ የቤት ኪራዩንና የትምህርት ቤት ክፍያውን በስልኩ ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ "መስመሩ የማን ነው?" የሚለው ጥያቄ "ገንዘቡ የማን ነው?" ከሚለው አይለይም። ይህን ያን ዕለት አላሰብኩትም።

"የልደት ምስክር ወረቀቷንና የወላጅ መታወቂያ ይዛችሁ በሳ ናኔ ተመለሱ" አለችን። ሳ ናኔ ስምንት ሰዓት ነው፤ ስዋሂሊም እንደኛው ቀኑን ከንጋት ስለሚቆጥር በሰዓቱ ተግባባን። በወረቀቱ ግን አልሆነም። እናቷ ናይሮቢ ናት። አኮ ዕድሜዋን ሙሉ መታወቂያ ኖሯት አያውቅም። በሰሜን ኬንያ ድንበር አካባቢ መታወቂያ የሚያወጣ ሰው ለብዙ ዓመታት በአጣሪ ኮሚቴ ፊት እየቀረበ የማን ልጅ እንደሆነ ማስረዳት ነበረበት፤ አኮም ተመላልሳ ተመላልሳ ተወችው። እኔም ለአንድ ቀን የተሻገርኩ ሰው ነኝ፤ በኪሴ የቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነው ያለው።

ከሱቁ ስንወጣ ንግግራችንን የሰማ አንድ ጎልማሳ ተከተለን። "የተመዘገበ መስመር አለኝ" አለ በጥሩ አማርኛ። ሦስት መቶ ሽልንግ ከፈልኩት። የምስጢር ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጠን። ልጅቷ "አጎቴ፣ በማን ስም ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። "ስሙ ምን ያደርግልሻል? መደወሉን እንጂ" አልኳት። ይህን መልሴን እስከ ዛሬ እጸጸትበታለሁ።

ሁለት ወር ያህል እናትና ልጅ ሲያወሩ ከረሙ። ከዚያ እህቴ የትምህርት ቤት ክፍያ አራት ሺህ ሽልንግ ልትልክ ስትል ስልኳ የማታውቀውን ወንድ ስም አሳያት። ለልጇ ደወለች። ልጅቷም "አጎቴ የገዛልኝ ነው" አለቻት። እህቴ እኔን አምና ላከች። በማግስቱ የልጅቷ ስልክ ምልክት አጣ። መስመሩ በስሙ የተመዘገበው ሰውዬ መታወቂያውን አሳይቶ "ሲሜ ጠፋብኝ" ብሎ አዲስ አውጥቷል፤ ቁጥሩም ገንዘቡም ሄደ። ልንከስ ብንል ምን ይዘን? በሕግ ፊት መስመሩ የእርሱ ነው። ልጅቷ ክፍያው እስኪገኝ ስምንት ቀን ከትምህርቷ ቀረች። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም፤ ያ ደግሞ ይብስ አመመኝ።

ገንዘቡን እኔ ተካሁ። እህቴ በማታው አውቶቡስ ተሳፍራ በኢሲኦሎና በማርሳቢት አድርጋ ጠዋት ሞያሌ ደረሰች። መታወቂያዋንና የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ይዛ ስትመጣ ጉዳዩ ቡና ተፈልቶ ሳይጠጣ አለቀ።

ሕጉን አልወቅሰውም። ከልጅ ስም አጠገብ የሚጠየቅ አዋቂ ስም እንዲቆም ማዘዙ ትክክል ነው፤ ያን ስም ስንዘለው ክፍተቱን ማን እንደሚሞላው አይቻለሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው። በድንበር ከተማ ልጅ የምታሳድገው ብዙ ጊዜ አያት ናት፤ ወረቀት የሌላትም እሷው ናት። ሕጉ "አሳዳጊ" ሲል አኮን ጭምር ማለት ከሆነ፣ አኮ አሳዳጊ መሆኗን የሚያረጋግጥላት ቀላል መንገድ ይኑር፤ ቺፍ የሚባለው የአካባቢው አስተዳዳሪ የሚጽፈው ደብዳቤ እንኳ ይበቃት ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሰው ተስፋ ቆርጦ አይቀመጥም፤ እኔ እንዳደረግኩት ከደጅ የቆመውን ያናግራል።

እህቴ መስመሩን ያስመዘገበች ዕለት ማታ አኮ የምዝገባውን ቅጂ በእጇ ይዛ "ምን ይላል?" አለች። ልጅቷ አጠገቧ ተቀምጣ መጀመሪያ የእናቷን፣ ቀጥላም የራሷን ስም አነበበችላት። አኮ ጥቂት ጠበቀች፤ ከዚያ "የእኔስ?" ብላ ጠየቀች።