ከኋላ ቁምልኝ

ጀልባ የገዛ ሰው ከወዳጆቹ የሚፈልገው ዋናተኛ ወይም ዓሣ አጥማጅ እንዳይመስላችሁ። የሚፈልገው ከኋላ የሚቆምለት ሰው ነው። እሱ መኪናው ውስጥ ተደላድሎ ይቀመጥና ፍሬን ይረግጣል፣ ፍሬቻ ያሳያል፤ ወዳጁ ከተሳቢው ጀርባ ቆሞ "በራ"፣ "ጠፋ" እያለ ይጮኻል። እዚህ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ቅዳሜ ማለዳ ይህን ሥራ ያለ ደመወዝ የምሠራው እኔ ነኝ።

"ግራ በራ?"

"በራ። ቀኙም አብሮ በራ።"

"ቀኙን እኮ አልነካሁም!"

"እኔም አልነካሁትም።"

"ፍሬን ይዣለሁ፣ አሁንስ?"

"አሁን ሁሉም ጠፋ።"

ባልንጀራዬ የባሕር ዳር ልጅ ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ጀልባ ቢያምረው አይፈረድበትም። ግን የጣና ታንኳ ከደንገል ታስሮ የሚሠራ፣ ከውሃ ሲወጣ ዳር ላይ ቆሞ ፀሐይ እየሞቀ የሚደርቅ ጨዋ ነገር ነው። ታርጋ አይጠየቅም፣ ፍሬቻ የለው። የኛ ሰው ጀልባ ግን ውሃ የሚያየው አልፎ አልፎ ነው። ኑሮው ጓሮ፣ ጉዞው አስፋልት። ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ለመድረስ በ50 ቁጥር አውራ ጎዳና አናፖሊስ አጠገብ እስካለው ሳንዲ ፖይንት ድረስ ይጎተታል። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ የጀልባው ገላ የመኪናውን የኋላ መብራት ስለሚጋርደው፣ "ልቆም ነው"፣ "ልታጠፍ ነው" ብለው ለኋለኛው ሾፌር የሚናገሩት ተሳቢው ጫፍ ላይ ያሉት ሁለት ትናንሽ ቀይ መብራቶች ብቻ ናቸው።

ታዲያ ለጀልባው ብዙ ሺህ ዶላር ያፈሰሰ፣ ዓሣ ማያ ስክሪን የገጠመ፣ ባለመስመር የቆዳ ወንበር ያሠራ ሰው መብራት ላይ ሲደርስ እጁ ይታሰራል። ከመደርደሪያው እጅግ የረከሰውን ያነሣል። ሳጥኑን እንኳ አያነብም። ሳጥኑ ላይ ከሚጻፈው አንዱ የተሳቢው ስፋት ነው፤ አጠቃላይ ስፋቱ 80 ኢንች ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ከኋላ መሐል ላይ በረድፍ የሚቆሙ ሦስት ቀይ መብራቶች ይጨምርበታል። ባልንጀራዬ ይህን ስነግረው ሜትር ከማምጣት ይልቅ ክንዱን ዘርግቶ ለካ።

የድሮው ባለአምፖል መብራት ለጀልባ ተሳቢ ጠላት ነው። አምፖል ሲበራ ይግላል፣ ሽፋኑ ውስጥ ያለው አየርም አብሮ ሞቆ ይለጠጣል። ጀልባ ወደ ውሃ የሚወርደው ደግሞ በቁልቁለት፣ ፍሬን እየተረገጠ ነው። ስለዚህ አምፖሉ በጣም በጋለበት ሰዓት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ብርጭቆው ወይ እዚያው ይሰነጠቃል፣ ወይ ደግሞ አየሩ በድንገት ቀዝቅዞ ሲኮማተር በሽፋኑ ጠርዝ በኩል ውሃውን ስቦ ያስገባዋል። የባልንጀራዬ የግራ መብራት ግማሽ ድረስ ውሃ ሞልቶ፣ በየመታጠፊያው ሲንቦጫቦጭ ከርሟል። "ስክሪንህን እዚህ ግጠመው፣ ዓሣ ሳይኖርበት አይቀርም" አልኩት። አልሳቀም።

ኤልኢዲ ይግዛ፣ ያውም ውሃ ውስጥ እንዲገባ ተብሎ ድፍን ሆኖ የታሸገውን። በኔ በኩል ክርክር የለበትም። ሙቀቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ የሚሰበር ብርጭቆ የለውም፣ ከባትሪ የሚወስደውም ጥቂት ነው። አሮጌ መኪና ላይ የፍሬቻው ብልጭ ድርግም ፍጥነት ከወትሮው ሊለይ ይችላል፤ ፍላሸሩን መቀየር ነው። የአምፖል ወዳጆች "የኔ ቢቃጠል በቀላሉ እቀይረዋለሁ" ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሲቀይሩ ነው የሚውሉት።

ባልንጀራዬ ኤልኢዲውን ገዛ፣ ገጠመ፣ እኔም ከኋላ ቆምኩ። ተሳቢው ሲነቃነቅ ይበራል፣ ሲቆም ይጠፋል። ሱቁን ሊከስ ሲነሣ ጋሼን ጠራናቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው ሶማሌ ተራ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠሩ የኖሩ፣ እዚህም ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ገና ሳያጎነብሱ "ማሳ ነው" አሉ።

ከመኪናው ወደ ተሳቢው የሚሄዱት ሽቦዎች አራት ናቸው። ቡናማው ለማታ መብራት፣ ቢጫው ለግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው ለቀኝ ፍሬቻና ፍሬን፣ ነጩ ደግሞ ለማሳ፣ ማለትም ለኤሌክትሪኩ መመለሻ።

"አረንጓዴና ቢጫ ካለ ቀዩ የት ሄደ?" አለ ባልንጀራዬ።

"ሽቦ ነው ልጄ፣ ባንዲራ አይደለም" አሉት።

ነጩ ሽቦ ተሳቢው ብረት ላይ በአንዲት ዝገት በበላት ቡሎን ታስሯል። ኤሌክትሪክ መሄጃ ብቻ ሳይሆን መመለሻም ይፈልጋል። ዝገቱ መመለሻውን ሲዘጋበት በሌላው አምፖል በኩል ዞሮ ይመለሳል፤ ባለአምፖሎቹ ሳሉ ግራ ሲባል ቀኝም የሚበራው፣ ፍሬን ሲያዝ ሁሉም የሚጠፋው ለዚህ ነበር። ጋሼ ነጩን ሽቦ በቢላ ላጥ ሲያደርጉት ከላይ አዲስ የሚመስለው ፕላስቲክ ውስጡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ተገኘ። ጣታቸውን አስነክተው አሳዩን። የቼሳፒክ ጨዋማ ውሃ በመጋጠሚያው ገብቶ፣ በሽቦው ውስጥ ሽቅብ እየተሳበ መዳቡን በልቶታል። መጋጠሚያው በናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ ነበር።

"ጀልባውን በስንት ገዛኸው?" ጠየቁት። ነገራቸው። "እና የሁለት ዶላር ሽቦ ነፈግኸው?"

ከእያንዳንዱ መብራት እስከ ሶኬቱ ድረስ የራሱ ነጭ ሽቦ ዘረጉለት፣ ያውም መዳቡ በቲን የተለበጠውን የጀልባ ሽቦ። መጋጠሚያዎቹን ውስጡ ሙጫ ያለው፣ ሙቀት ሲነካው የሚጠብቅ የፕላስቲክ ቱቦ አለበሷቸው። ሶኬቱን ቅባት ቀቡት። ከዚያ ወዲህ በርቷል።

ሳጥኑ ላይ "ውሃ አያስገባም" የተባለው መብራቱ እንጂ ሽቦውና ሶኬቱ አይደሉም። ስለዚህ ኤልኢዲም ቢሆን ወደ ውሃው ከመውረድ በፊት ሶኬቱ ይነቀል፤ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያለበት ብረት ቶሎ ይበላል። ከባሕር ሲመለሱ ጀልባውን የሚያጥቡት ሰዎች የውሃ ጎማውን ወደ መብራቱና ወደ ሽቦው ዞር ቢያደርጉት ምን አለበት? መብራቱን ከፍ አድርጎ ጀልባውን ከሚመሩት የጎን ምሰሶዎች አናት ላይ መስቀልም አለ፤ ውሃው አይደርስበትም፣ ለኋለኛው ሾፌርም ከዓይኑ ፊት ነው። ባልንጀራዬ ሊያደርገው ነበር። ባለቤቱ "ጓሮዬን የሠርግ ድንኳን ልታስመስለው ነው?" ብላ ከለከለችው።

ከሁሉም የሚያስቀናው የእንግሊዞቹ ዘዴ ነው። መብራቶቹንና ታርጋውን በአንድ ሰሌዳ ላይ ይገጥሙና ጀልባው ጀርባ ላይ ያንጠለጥሉታል፤ ውሃው ዳር ሲደርሱ ነቅለው ያስቀምጡታል። ውሃ የማይነካው መብራት ውሃ አይገባውም። ይህን የምትመርጡ ካላችሁ እባካችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ መትቷችሁ ስትመለሱ ሰሌዳውን ሣሩ ላይ ጥላችሁት እንዳትሄዱ። 50 ቁጥር መንገድ ላይ ከኋላችሁ የምነዳው እኔ ልሆን እችላለሁ።