ልብ አይዳኝም

«ማሳቹሴትስ ውስጥ ዳኞች ከሴት ጣት ላይ ቀለበት አወለቁ» እያልክ ስታወራ የከረምክ ወንድሜ፣ ቀለበቱ ከጣቷ ከወለቀ ቆይቷል። ዳኞቹ ያስቀሩት «ጥፋተኛው ማነው?» የሚለውን ጥያቄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2017 የ70 ሺህ ዶላር ቀለበት ገዝቶ አጨ። (ከእኛው ሕግ በስተቀር እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።) ከዚያ የእጮኛውን ስልክ ሲያገላብጥ ለሌላ ወንድ የላከችውን መልእክት አገኘ፤ ጠረጠረ፤ ጋብቻው ቀረ። እሷ «ጓደኛዬ ነው» አለች። የሥር ፍርድ ቤቱ ዳኛ ነገሩን መርምረው «ጥርጣሬው መሠረት የለውም፤ ያፈረሰው እሱ ስለሆነ ቀለበቱ የእሷ ነው» አሉ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ሻረው። በኖቬምበር 2024 የግዛቲቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መጨረሻውን ቆረጠ፦ የእጮኝነት ቀለበት ጋብቻ ይፈጸማል ተብሎ የሚሰጥ ነው፤ ጋብቻው ከቀረ ለሰጪው ይመለሳል፤ ማን አፈረሰው፣ ለምን አፈረሰው አይባልም። ከ1959 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው፣ ጥፋት የሌለበት ሰጪ ብቻ ቀለበቱን ይረከባል የሚለው አካሄድ በዚያው ቀን አበቃ።

«ለወንዱ አደሉ!» የምትዪ እህቴ፣ የድሮው አካሄድ ይጠብቀኛል ብለሽ ከሆነ አትሸወጂ። ያ አካሄድ ያላገባችን ሴት ስልክ በችሎት ያስነብብ ነበር። ለማን ጻፈች፣ ለምን አኮረፈች፣ የት አመሸች! ሴቲቱ ወይ ስሟን አስነስታ ቀለበቱን ታስቀራለች፣ ወይ ስሟንም ቀለበቱንም ታጣለች። ይህን ጥበቃ ብዬ አልጠራውም።

«በእኛ ወግ እኮ ሽማግሌ ተቀምጦ ጥፋተኛውን ይለያል» ያሉኝ ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ይለያል። ግን ሽማግሌ ጥፋተኛ የሚፈልገው ሊያስታርቅ ነው፤ ፍርድ ቤት የሚፈልገው ሊያስከፍል። የታረቀ ወደ ቤቱ ይገባል፤ የተካሰሰ ወደ ጠበቃው ቤት።

«ስጦታ አይመለስም» ለምትለው ደግሞ፣ ሻንጣህን ሸክፈህ ሞንታና ግባ። የዚያ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ልክ እንዳልከው ፈርዷል። ሀበሻ የበዛባት ቨርጂኒያ ግን በ2016፣ በ26 ሺህ ዶላር ቀለበት ክርክር፣ ይመለስ ብላለች። ወርቅ ቤት ስትገባ ካራቱን ከመጠየቅህ በፊት የምትኖርበትን ግዛት ሕግ ጠይቅ።

ቀለበቱ ቀላሉ ነው። እንቅልፍ የሚነሳው ያው የማሳቹሴትስ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2024 መጀመሪያ፣ በጃንዋሪ፣ የሰጠው ሌላ ፍርድ ነው። ሰው ሲገድሉ ዕድሜያቸው 18፣ 19 ወይም 20 በነበረ ሰዎች ላይ አመክሮ የሌለው የዕድሜ ልክ እስራት ሊፈረድ አይችልም አለ። የተመረኮዘው በ1780 በተጻፈው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ጨካኝ ቅጣትን በሚከለክለው አንቀጽ 26 ላይ ነው። ከ18 በታች ላሉት በ2013 እንዲሁ ወስኖ ነበር። ዋሽንግተን ግዛትና ሚሺጋን ለወጣቶች «ዳኛው የግድ ይህን ይፍረድ» የሚለውን ብቻ ነው የሻሩት፤ ማሳቹሴትስ ቅጣቱን ራሱን ከለከለች። ድምፁ 4 ለ3 ነበር።

«አሥራ ስምንት ከሞላው አዋቂ ነው፣ በቃ!» ባይ ጋሼ፣ የሃያ ዓመት ልጅዎ ልነግድ ሲልዎት «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይሉታል። አሜሪካም እንደ እርስዎ ናት፤ 21 እስኪሞላው ቢራ አትሸጥለትም። ሁላችሁም አልበሰለም ብላችሁ የተስማማችሁበት ልጅ እስር ቤት በር ላይ ሲደርስ እንዴት በአንድ ጊዜ በሰለ?

ዳኞቹ የተመለከቱት የአንጎል ሳይንስ ማስረጃም ይህንኑ ይላል። በዚህ ዕድሜ ራስን መግታት ይከብዳል፣ አደጋ ይደፈራል፣ የጓደኛ ግፊት ያይላል። አራተኛውን ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል፦ ለመለወጥ ያለው አቅምም ከጎልማሳው ይበልጣል። ይህ ነጥብ ነው እኔን ያሳመነኝ። ዳኛ ወጣቱ ያደረገውን በማስረጃ ያውቃል፤ ለዚያ ይቅጣው፣ ያስረው። በ45 ዓመቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ግን ማን ነገረው?

«ታዲያ ነፍሰ ገዳይ ይፈታ ነው የምትለው?» ወዳጄ፣ ፍርዱን አንብበው። አንድ ሰው እንኳ በዚያ ቀን ከእስር አልወጣም። 200 ያህል ሰዎች፣ ረጅም ዓመታት ከታሰሩ በኋላ፣ አመክሮ ቦርድ ፊት ቀርበው የመናገር ዕድል አገኙ። ቦርዱ እምቢ ካለ ባሉበት ይቆያሉ። የእኛው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ እንኳ ዕድሜ ልክ ለተፈረደበት ሰው፣ ወጣት ጎልማሳ ሳይል፣ 20 ዓመት ከታሰረና ጠባዩ ከተስተካከለ የአመክሮን በር በመርህ ደረጃ ከፍቷል።

አፌን የሚያስይዘኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሟች እናት። «ልጄ አመክሮ የለውም» ስትል ምላሽ የለኝም፣ ልፈልግም አይገባኝም። ድሮ ጉዳዩ አንድ ጊዜ ተፈርዶ ይዘጋላት ነበር። አሁን ቦርዱ በተሰበሰበ ቁጥር መጥታ ሐዘኗን እንደገና ልትናገር ነው፤ ይህ ከባድ ነው፣ ፍርዱን የሚደግፍ ሁሉ እንደኔ ሊያምነው ይገባል። ከጎኗ የሚቆም ሰው፣ የመጓጓዣ ወጪ፣ ቀኑ ከመድረሱ በፊት የሚነግራት ስልክ፣ ይህ ሁሉ ዕዳችን ነው። ቢሆንም የሐዘኗ ጥልቀት ገዳዩ ወጣት ወደፊት ስለሚሆነው ሰው የሚነግረን ነገር የለም። ሁለቱን ማደባለቅ ለእሷም ፍትሕ አይሆናትም።

«ይህን መወሰን ያለበት ሕግ አውጪው ነው» ለምትሉ፣ ተቃዋሚዎቹ ዳኞችም ይህን ብለዋል። የተከበረ ክርክር ነው፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ጨካኝ ቅጣት በሕገ መንግሥት ሲከለከል፣ ጭካኔውን አይቶ አቁም የሚል ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ዳኛ ነው።

አሁን ወደ እናንተ፣ አሜሪካ ወዳላችሁት አንባቢዎቼ። በማሳቹሴትስ ዳኛ በሹመት ይቀመጣል። በሚኒሶታ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ በጆርጂያ፣ በቴክሳስ፣ በኦሃዮ፣ በኔቫዳ ግን የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኞች በሕዝብ ድምፅ ይመረጣሉ። የወጣቶቹ ጉዳይ በአንድ ዳኛ ድምፅ ልዩነት ነው የተወሰነው። ዜግነት ያላችሁ፣ ፕሬዚዳንት መርጣችሁ ብቻ አትነሱ፤ የዳኞቹ ስም ከምርጫ ወረቀቱ ታች ነው፣ አስቀድማችሁ ማን ምን እንደፈረደ አንብቡና እስከዚያ ድረስ ውረዱ።