አያ ጸጥታ ገበያ ወጡ

ስማ፣ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! አያ ጸጥታ ተናግረዋል። «ቤተ መጻሕፍት ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ምን ይሠራል? የዝምታ ቤት አይደለም እንዴ?» ብለዋል። ይህን ያሉት የት መሰላችሁ? ሐሙሲት፣ በሐሙስ፣ ገበያ መሐል፣ እየጮሁ።

አያ፣ መጀመሪያ የቆሙበትን መሬት ይጠይቁት። ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ሲሄዱ የሚያገኟት ይቺ ከተማ ስሟን የወሰደችው ከገበያ ቀኗ ነው። ሐሙስ ሰው የሚወጣው ጤፍ ሊሸጥ ብቻ ነው? ማን ሞተ፣ ማን ተዳረ፣ የማን በሬ ጠፋ፣ ሽንኩርት ስንት ገባ፤ ሁሉም የሚሰማው እዚሁ ነው። ድሮም አዋጅ የሚነገረው ገበያ ላይ ነበር። ነጋሪቱ ሲጎሰም ፖስት ነው። «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲባል ሼር ነው። ጥግ ይዘው የሚያጉረመርሙት ሽማግሌ ደግሞ ኮሜንት ናቸው። እርስዎ ዛሬ የያዙት ቦታ ማለት ነው።

«በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ጸጥታ ይከበር ተብሎ ተጽፏል» ይሉኛል። ተጽፏል። የተጻፈው ግን ለገባ ሰው ነው። ላልገባው ማን ጻፈለት? የገባው ዝም ይበል፤ ያልገባው ይጠራ። እርስዎ ግን ገብተውም አልገባዎትም።

ጠላ ሻጯን ይዩዋት። ደጇ ላይ እንጨት ተክላ ጣሳ ትሰቅላለች። ደንበኛ ጣሳውን አይቶ ይገባል። ቤተ መጻሕፍት ግን ጣሳ የለውም። ሙሉ ጋን መጽሐፍ ይዞ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ «የጠማው ይፈልገኝ» ብሎ ተቀምጧል። «ፌስቡክ እኮ ባዶ ነው» አሉ? ልክ ነዎት። የተሰቀለ ጣሳ መቼ ሞልቶ ያውቃል? ጠላው ያለው ቤት ውስጥ ነው!

(እልል የምትሉ እልል በሉ። አያ ጸጥታ ውሃ እየጠጡ ነው።)

ደግሞ ተነሡ። «አባቶቻችን ቢያዩ ያፍሩብን ነበር» አሉ። የትኞቹ አባቶች? እዚህ ጣና ላይ፣ ክብራንና ዳጋ ደሴት ላይ ብራና ታቅፈው የኖሩት? እነሱ እኮ ፍየል ሲያዩ ገጽ ይታያቸው ነበር። እርስዎ ፍየል ሲያዩ የሚታይዎት ጥብስ ነው። በወንጌሉ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የርስት ውል ይጻፍ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ይዘረዘር ነበር። ኮሜንት መስጫው ክፍት ነበር ማለት ነው። ደብተራው የሚጽፈው ክታብ ጥቅልል ነው፤ ከላይ ወደ ታች እየተተረተረ ይነበባል። ስክሮል ማድረግ ከማን የተማርነው መሰለዎት? በብራናው መጨረሻ ደግሞ ይህን መጽሐፍ የሰረቀም የፋቀም የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት አለ። ብሎክ ነዋ! ያውም የሰማይ ቤት ብሎክ፤ አካውንት ቀይረው የማያመልጡት። ይህቺን ግዝት ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

መቅደላስ? እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስን ግምጃ ቤት ሲዘርፉ ምርኮውን ለማጋዝ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አሰልፈዋል። ከጭነቱ ውስጥ ከጎንደር አድባራት የተሰበሰቡ ብራናዎች ነበሩ። ዛሬ ለንደን ያለው ቤተ መጻሕፍት ከፊሎቹን ፎቶ አንሥቶ ኢንተርኔት ላይ አውጥቷል። (ፎቶው ብራናውን አይተካም፤ እሱን ለለንደን ተረብ አቆይቼዋለሁ።) በዝሆን የሄደ መጽሐፍ በጣት ሲመጣ እርስዎ ጣት ይቀስራሉ።

«መጽሐፍ ክብር አለው። አንባቢ ይምጣ እንጂ መጽሐፍ አይሄድም» አሉ። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ይስሙዎት። በሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ ጭነው ልጆቹ ዘንድ የወሰዱት ሰው ናቸው፤ ሲኤንኤን እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓመቱ አሥር ጀግኖች መሐል ቆጥሯቸዋል። አህያዋ «ክብሬ ተነካ» አላለችም። ወደ ፊት ጎተተች። እርስዎ ወደ ኋላ ይጎትታሉ። አያ፣ በአህያ ተበለጡ፤ ያውም ፊደል ባልቆጠረች!

አሁን ቀበቶ ጠበቅ ይደረግ፤ ስኮትላንድ ልንሄድ ነው። ከሰሜን ጫፏ ወዲያ ኦርክኒ የሚባሉ ደሴቶች አሉ፤ ሕዝባቸው 22 ሺህ ያህል ነው። ቤተ መጻሕፍታቸው እ.ኤ.አ. በ1683 ተመሠረተ። ሽማግሌ ነው፤ ከእርስዎም ይበልጣል። ይህ ሽማግሌ ትዊተር ላይ ወጥቶ፣ ከጎረቤቱ ከሼትላንድ ቤተ መጻሕፍት ጋር ምን ሲያደርግ ታወቀ መሰላችሁ? ተረብ ሲገጥም! ዓለም ሊስቅ መጣ፤ ስለ መጽሐፍ ሰምቶ ሄደ። ደሴት እነሱም አላቸው፣ እኛም አለን። ተረብማ የእኛ ነው! እስቲ ሐሙሲት ወረታን ትነካካት፦ «ሩዙ እናንተ ጋ፣ ፍሬ ነገሩ እኛ ጋ።» ወረታም ወረታዋን ሳትመልስ አታድርም። ሁለት ቤተ መጻሕፍት በአንድ ሌሊት ታወቁ። ወጪው? የአንድ ሰው ምላስ።

«ማኅበራዊ ሚዲያ እምቦጭ ነው! ሐሜት ወርሮታል!» አሉ። እሺ፣ እምቦጭ ይሁንልዎ። እምቦጭ ጣናን ሲወር ሰው ሐይቁን ትቶለት ወጣ? ሱሪውን ሰብስቦ ገባና በእጁ ነቀለ። እርስዎ ዳር ቆመው «ውሃው ቆሸሸ» ይላሉ። ታንኳ እንኳ ከዳር ይነሣል! ችግሩን ልንገርዎት? ሐሜተኛው ዳታ አለው። መጽሐፍ ያለው ደንታ የለውም።

«እሺ፣ ምን ይለጠፍ?» አሉ። ድምፃቸው ሲቀንስ ሰማችሁ? ይለጠፍማ! «ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል፤ የምንከፍተው ከሰዓት ነው» ይለጠፍ፤ ተማሪው በእግሩ ኳትኖ መጥቶ ጓጉንቸር ስሞ አይመለስ። ያለፉ ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተናዎች የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳሉ ይለጠፍ። «ምን መጽሐፍ እናስመጣ?» ተብሎ ይጠየቅ። አሮጌ የገበያ ፎቶ ይውጣና «ይህን ሰውዬ የሚያውቅ?» ይባል። መቶ ሰው ይመልሳል፤ ሃምሳው ይጣላል፤ አንዲት እማማ ግን በልጅ ልጃቸው ስልክ የድምፅ መልእክት ይልካሉ። የሰውዬውን ዘር፣ የዛፉን ስም፣ ገበያው መጀመሪያ የቆመበትን ሜዳ ይነግሩዎታል። ያቺ ድምፅ በየትኛውም መደርደሪያ የለችም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ይቀልባት፣ ያስቀምጣት። አንድ ነገር ብቻ አይለጠፍ፦ የሰው መጽሐፍ ስካን እያደረጉ በፒዲኤፍ መበተን። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ደራሲም ሆድ አለው፤ ላይክ ደግሞ በወጥ አይበላም።

«ኔትወርክ ሲጠፋስ?» አሉ። የመጨረሻ ጥይታቸው ናት፤ ራሩላቸው። አያ፣ ኔትወርክ መጥፋትን ለአማራ ክልል ሰው ሊያስተምሩ ነው? ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ያለ ሞባይል ዳታ ስንት ወር ከረምን! ኔትወርክ ሲጠፋ ሞንታርቦ ይወጣል፤ ማስታወቂያው ገበያ መሐል ይነበባል። ሐሙስ ኔትወርክ አይጠይቅም። ረቡዕ ሲያልቅ በራሱ ይመጣል።

ወደ ግዝቷ እንመለስ። ሕዝብ ሆይ፣ አያ ጸጥታ ቴሌግራምን ለምን እንደፈሩ ደርሼበታለሁ። ቤተ መጻሕፍቱ ቻናል ሲከፍት ቀድሞ የሚለጥፈው ምንድን ነው? ተውሰው ያልመለሱትን ዝርዝር ነዋ! አያ፣ ያቺ በ2009 «ነገ እመልሳታለሁ» ብለው በጋቢዎ ሥር ይዘዋት የወጡት መጽሐፍ ደኅና ናት?

ምን አሉ? አይሰማም።

እሰይ! አሁን ጸጥታ ተከበረ።