ስለ እንጨት ሰደፍ አስተዳደርና ቁጥጥር የወጣ አዋጅ

ስማ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ! ከቦርከና ወዲህም ወዲያም ያለህ፣ በዳዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲ፣ በጅሌ ጥሙጋ፣ በደዌ ሃረዋ፣ በባቲ የምትኖር፣ መጋዝና ሞረድ ያለህ፣ ጓሮህ ዋንዛ የበቀለብህ፣ ከእንጨት ጋር ማናቸውም ዓይነት ትውውቅ ያለህ ሁሉ ስማ!

መግቢያ

ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በገዛ እጁ እንጨት መላጉ ለአገር ደኅንነት የሚያሰጋ ሆኖ በመገኘቱ፤

የአያት ምንሽር ሰደፉ ሲሰነጠቅ እንደተሰነጠቀ ሊቀመጥ ሲገባው፣ የልጅ ልጅ ተነሥቶ ላድሰው ማለቱ ያልተለመደ ድፍረት በመሆኑ፤

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን፣ ማጓጓዝንና መጠገንን ከልክሎ ሲያበቃ፣ ዋንዛ የት ላይ ዋንዛነቱ አብቅቶ የት ላይ መሣሪያነቱ እንደሚጀምር ለኬላ ፈታሽ በሚገባው ቋንቋ ሳይነግር በማለፉ፤

ይህንን ክፍተት መሙላት አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤ እኛ፣ የአንድ መላጊያና የሁለት ሞረድ ባለቤት፣ በኬላ ገመድና በአንድ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት መሠረት የሚከተለውን አውጀናል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የሰደፍ አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ፦

ሀ) “ሰደፍ” ማለት ተኳሽ ትከሻው ላይ የሚያስደግፈው የጠመንጃ የእንጨት ክፍል ነው፤ ብቻውን ተኩሶ አያውቅም፤

ለ) “ባለእጅ” ማለት ከሥራ መልስ ጓሮው ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ለሽያጭ ሳይሆን ደስ ስለሚለው፣ የአባት የአያቱን አሮጌ ጠመንጃ እንጨት የሚያድስ ሰው ነው፤

ሐ) “ፈታሽ” ማለት ገመድ ያለው ሰው ነው፤

መ) “የሚመለከተው አካል” ማለት ዛሬ ስብሰባ የሄደው ነው፤

ሠ) በወንድ ፆታ የተገለጸው የሴትንም ይጨምራል።

3. የተፈጻሚነት ወሰን

ይህ አዋጅ ከረጢት ይዞ በእግሩ ወይም በሚኒባስ በሚሄድ ማናቸውም ሰው ላይ ተፈጻሚ ይሆናል።

4. የሰደፍ ሕጋዊ ማንነት

(1) ሰደፍ ያለ ጠመንጃ፣ ጠመንጃ ነው።

(2) ጠመንጃ ያለ ሰደፍ፣ ጠመንጃ አይደለም።

(3) ንዑስ አንቀጽ (1) እና (2) ይጋጫሉ የሚል ሰው “አንተ ሕግ ልታስተምረኝ ነው?” ይባላል።

(4) የእነዚህ ድንጋጌዎች ምንጭ እንደሚከተለው ተመዝግቧል። እኛ ከከሚሴ ተነሥተን ታላቅ ወንድማችን ወዳለበት ወደ ባቲ ስንሄድ፣ አዲስ የጠረብነውን ሰደፍ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለን ይዘን ነበር። ሰደፉ የሚገጠምለት የአያታችን ምንሽር ወንድማችን ቤት ነው፤ ወረቀትም አለው። በመንገድ ላይ በአንድ ኬላ ገመድ ተወጠረ፣ ውረዱ ተባለ፣ ከረጢቱ ተፈታ። ፈታሹ ወጣት ነው፣ ሥነ ሥርዓትም ያውቃል። “አባቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?” አለን። “እንጨት” አልነው። አገላበጠው፣ አሸተተው፣ ትከሻው ላይ አስደግፎ አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ በኋላ እንጨት መሆኑ ቀረ። “የጦር መሣሪያ ነው” አለ። ያነጣጠረብን በባዶ እንጨት ነው፤ እኛ ግን ወላሂ እጃችንን ወደ ላይ አነሣን።

(5) ሰደፉ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ተላከ። በጽሕፈት ቤቱ የተደረገው ምልልስ የዚህ አዋጅ አካል ሆኖ ጸድቋል፦

“መሣሪያ መሆን አለመሆኑን ባለሙያ እንዲያጣራው ጠመንጃውን አምጣና ይገጠም።”

“ጠመንጃውን በምን ላምጣው?”

“የማጓጓዣ ፈቃድ አውጥተህ።”

“እሺ፣ ፈቃዱን ስጡኝ።”

“ፈቃድ የሚሰጠው ለተሟላ መሣሪያ ነው። ያንተ ሰደፍ የለውም።”

“ሰደፉ እናንተ ጋ ነው።”

“እሱ ኤግዚቢት ነው።”

(6) ከላይ የተደነገገው ቢኖርም፣ የሚከተሉት እንጨቶች እስከተወሰነ ጊዜ ድረስ መሣሪያ አይደሉም፦

ሀ) በቁሙ ያለ ዋንዛ። ሆኖም ቅርንጫፉ ወደ አስፋልት ያዘነበለ እንደሆነ ባለቤቱ በአቅራቢያው ላለ ኬላ ያሳውቃል፤

ለ) የተቆረጠ ግንድ፣ ቆራጩ ሲቆርጠው ሰደፍ አስቦ ካልሆነ። ማሰብ አለማሰቡን ፈታሹ ፊቱን አይቶ ይወስናል፤

ሐ) ርዝመቱ ከአንድ ክንድ ያነሰ ጣውላ። ክንዱ የፈታሹ ክንድ ነው፤

መ) ገና ጥላ ላይ በመድረቅ ያለ ጣውላ። ዋንዛ ሳይደርቅ ከተጠረበ በኋላ ይጣመማል፤ ስለዚህ ደግ ባለእጅ ይታገሣል። ይህ ትዕግሥት “የተራዘመ ዝግጅት” ተብሎ ሊተረጎም ይችላል፤

ሠ) የተጠረበ፣ ነገር ግን ተልባ ዘይት ያልጠጣ እንጨት። ዘይት በስሱ እየተቀባ፣ በመዳፍ እየታሸ፣ እየደረቀ፣ እንደገና የተቀባ እንደሆነ ግን ቀይ ቡናማ መልኩ ይወጣል፣ ያምራል፤ ያማረ እንጨት ደግሞ ባለቤቱ የሆነ ነገር እንዳሰበ ያሳያል። የእኛ ሰደፍ የተያዘው በቅርጹ ሳይሆን በመልኩ ነው የሚል ጥርጣሬ አለን፤

ረ) ሽመልና ዱላ። ሰው ለመምታት የተሠሩ መሆናቸው ስለሚታወቅ አያሰጉም፤

ሰ) ዘነዘና፣ መፋቂያ፣ የከብት በረትና ጋጣ አጥር፤

ሸ) እረኛ ልጅ ከአገዳና ከእንጨት የሠራው መጫወቻ ጠመንጃ። ልጁ በአፉ “ጧ!” ያለ እንደሆነ ግን ተኩሷል፤

ቀ) በር በነፋስ እንዳይዘጋ የሚደገፍበት ሰደፍ። ይህ ፊደል ዘግይቶ የተጨመረ ነው። ጉዳያችንን ልንጠይቅ ወደ ጽሕፈት ቤቱ በተመለስን ጊዜ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘነው፤ ከፍቶ የያዘው የእኛ ሰደፍ ነበር። ያ ቀጭኑ አንገቱ፣ ከምላጩ ኋላ እጅ የሚጨብጠው፣ በጠመንጃ ሁሉ ቀድሞ የሚሰነጠቀው ቦታ፣ የእንጨቱ ጭረት ቀጥ ብሎ እንዲያልፍበት ስንት ጣውላ አገላብጠን የመረጥንለት አንገት፣ ሲሚንቶና ብረት በር መሃል ተሰንቅሮ ነበር። “ኤግዚቢት አይደለም እንዴ?” ብንል “ታዲያ ጠፋ? ይኸው አለ” ተባልን።

(7) በንዑስ አንቀጽ (6) ከተዘረዘሩት ውስጥ አንዱን ይዞ የተገኘ ሰው ነፃ ይሆናል፤ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ እስኪያመጣ ግን አያልፍም። ደብዳቤውን የሚጽፈው የሚመለከተው አካል ነው። (አንቀጽ 2 ፊደል መን ይመልከቱ።)

5. ስለ ባለእጅ ክብር

አጼ ምኒልክ ባለእጅን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ያ አዋጅ “ቤትህ ጠመንጃ ትቀጠቅጣለህ ማለት ነው?” በሚል ፈታሽ ላይ ተፈጻሚ አይሆንም።

6. የሴባስቶፖል ልዩ ፈቃድ

(1) ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ መሣሪያ ከዚህ አዋጅ ነፃ ነው። አጼ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ፣ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ አውሮፓውያን ባለእጆችን “መድፍ ሥሩልኝ” ብለው ይዘው፣ ሰዎቹም “መድፍ ሠርተን አናውቅም” እያሉ፣ አንዱ ሲበላሽ ሌላውን እየሞከሩ ሴባስቶፖልን አወጡ። በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት ገደማ እስከ መጋቢት ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተጠረገ፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ በሰው ጉልበት ተጎትቶ ወደዚሁ ወደ ወሎ፣ መቅደላ ደረሰ። ዛሬም እዚያው አለ። በመንገዱ ሁሉ አንድ ሰው “ከረጢቱን ፍታ” አላለም።

(2) መንግሥት በኋላ ላቋቋመው የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ስም ሲያወጣ “ጋፋት” አለው። መልካም ስም ነው፤ እኛም ደስ ብሎናል። በግዳጅ የጀማሪ ሙከራ ለተደረገበት ቦታ ይህን ያህል ክብር ከተሰጠ፣ በውድ ለተጠረበ አንድ ሰደፍ ቢያንስ የመደርደሪያ ቦታ አይነፈግም ብለን አስበን ነበር።

(3) ስለዚህ ከእንግዲህ ሰደፍ የሚጠርብ ሰው፣ በሕግ ጥላ ሥር ለመሆን ከ7 ቶን ያላነሰ አድርጎ ይጥረብ።

7. ስለ ሌሎች የጦር መሣሪያዎች

(1) የለም።

(2) ረቂቁ ላይ ይህ አንቀጽ በአንዲት ቃል ያበቃ ነበር። ሆኖም ፈታሹ ሰደፋችንን ትከሻው ላይ አስደግፎ ሳለ አንድ አይሱዙ መጣ። ላዩ ላይ የተጫኑት ጎረምሶች ክላሻቸውን አልሸፈኑትም፤ የአንዱ አፈሙዝ በጎን ወጥቶ መንገደኛውን ያያል። ገመዱ ረገበ። አለፉ። ከአይሱዙው አቧራ በኋላ ገመዱ ተመልሶ ተወጠረና ፈታሹ ወደ እንጨቱ ተመለሰ። አልፈረድንበትም። ብቻውን ነው፤ እነሱ ብዙ ናቸው፤ እኛ ሽበት አለን፤ ከረጢታችንም ቀላል ነው።

(3) ከዚህ በታች ያለውን “እኛ” ብዬ መጻፍ አልቻልኩም። በ2013 መጋቢትና ሚያዝያ በጅሌ ጥሙጋና በአጣዬ ሰው ሲገደል፣ ቤት ሲነድ፣ የዚህም የዚያም እናት ስትጮህ፣ ያ ሁሉ ጥይት የመጣው ከማን ጓሮ ነው? ተልባ ዘይት እየቀባ ከሚያሽ ሽማግሌ? በ2014 ጥቅምት የሰሜኑ ጦርነት ራሱ በከሚሴ አልፎ ወደ ታች ሲወርድ፣ በኅዳርም ሲመለስ፣ እኔ ቤቴ ወለል ላይ ተኝቼ የቆጠርኩት ድምፅ ከዋንዛ የወጣ ነበር? ማን ጠየቀ? ማንን ከመኪና አወረዳችሁ? የማንን ከረጢት ፈታችሁ? አሁን አንድ ምንሽር፣ አያቴ ይዞት የዘመተ፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ልጆች “ይሄ የማነው?” ብለው እንዲጠይቁ ብቻ የተቀመጠ ብረት፣ ሰደፍ ባበጅለት ሕግ ድንገት ትዝ አላችሁ። ቁጥጥሩን አልጠላሁም። ቁጥጥር እንዲኖር ከማንም በላይ እፈልጋለሁ፤ እዚህ የሚኖር ሰው ይህንን የሚፈልገው ከልቡ ነው። ግን የሚቆጣጠር ሰው የሚያስፈራውን ትቶ የሚታዘዘውን ብቻ ሲፈትሽ፣ እኔ ታዛዥ በመሆኔ ብቻ ጥፋተኛ ስሆን፣ ሌላው ምን እንደሚማር ታውቃላችሁ? አይሱዙ መከራየት።

(4) ንዑስ አንቀጽ (3) በአዘጋጁ ስሜታዊነት ምክንያት የገባ ስለሆነ በሚቀጥለው ማሻሻያ ይወጣል።

8. በሠርግ ስለሚተኮስ ጥይት

ደስታ ስለሆነ አይነካም። ወርዶ የሚያርፍበት ሰው በባህሉ መሠረት ይካሳል።

9. ቅጣት

(1) ሰደፍ የጠረበ፣ ሰደፉን ያጣል።

(2) ሰደፍ ያልጠረበ፣ ለምን እንዳልጠረበ በጽሑፍ ያስረዳል።

(3) ክስ ከተመሠረተ የተሻለ ነበር። ክስ ቢኖር ዳኛ ይኖራል፤ ዳኛ ቢኖር ሰደፉን አንሥቶ “ይሄ እንጨት ነው” የሚል አንድ ሰው ይገኛል። ስለዚህ ክስ አይመሠረትም፤ ጉዳዩ “በመጣራት ላይ” ይሆናል።

10. የተሻሩ ሕጎች

“እንጨት እንጨት ነው” የሚል ማናቸውም ሕግ፣ ልማድ ወይም የአናጢ አስተያየት በዚህ አዋጅ ተሽሯል።

11. የመሸጋገሪያ ድንጋጌ

በባቲ ሰኞ ገበያና በሰንበቴ እሑድ ገበያ ጣውላ፣ አልጋ፣ በርጩማና የመጥረቢያ እጀታ የሚሸጡ ሰዎች ዕቃቸው ሰደፍ የመሆን ዓላማ እንደሌለው በሦስት ምስክር ያረጋግጣሉ። የመጥረቢያ እጀታ ሻጭ ምስክሮቹን ከሌላ ቀበሌ ያመጣል። በርጩማ ላይ ተቀምጦ የሚመሰክር ምስክር የጥቅም ግጭት ስላለበት ተቀባይነት የለውም።

12. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ሆኖም ጋዜጣው የሚታተምበት ወረቀት ከእንጨት የሚሠራ መሆኑ ስለተደረሰበት፣ እንጨቱ ከየትኛው ደረጃ ጀምሮ መሣሪያ እንደነበረ እስኪጣራ ድረስ ጥቅሉ ወረቀት ኬላ ላይ ይቆያል።