ኮረዳን ወደ ሙዚየም ስለ መውሰድ

የአዲስ አበባ ወላጅ፣ ልጁ ከዐሥራ ሦስት ዓመት ባለፈች ማግሥት ከሚይዙት ጽኑ ምኞቶች አንዱ፣ በአንድ ቅዳሜ ከስልኳ ነጥሎ ከቅርስ ጋር የማስታረቅ ምኞት ሲሆን፣ ይህም ብዙውን ጊዜ ወደ ስድስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያደርሰዋል። ሕንፃው ቀድሞ ገነተ ልዑል የተባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነው፤ ከ1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቷል። ወላጁ ይህን ታሪክ ገና ታክሲ ውስጥ ሳለ ስለሚጀምረው፣ ልጅቷ በሩ ላይ የምትደርሰው ጉብኝቱ አልቆ የምትመለስ ያህል ደክማ ነው።

ከዚህ ላይ የሁለቱን ጎብኚዎች ጠባይ ለይቶ ማየት ይገባል። ወላጅ የሚባለው ጎብኚ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሒሳብ እንደሚሰማ የዕድር ዳኛ ራሱን እየነቀነቀ፣ ከቅርሱ ይልቅ ከቅርሱ ጎን የተለጠፈችውን መግለጫ ያነባል፤ አንብቦም ለልጁ ይደግምላታል። ኮረዳ የምትባለው ጎብኚ ደግሞ በቅድሚያ መቀመጫ፣ ቀጥሎም የስልክ መሰኪያ ትፈልጋለች፣ ሁለቱም ሲታጡ ዘለግ ላለ ጊዜ የምትቆመው የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ዘንድ ነው። ወላጁ ሦስት ሺህ ዘመን ሊያሳይ መጥቶ ልጁ ገላ መታጠቢያ ስታደንቅ ቢያዝን አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ንጉሠ ነገሥትም ገላውን ይታጠብ እንደ ነበር የሚያስተምር የታሪክ መጽሐፍ ጥቂት መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ነገሩ የሚሞቀው ከቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ዘንድ ሲደረስ ነው። በጥንቱ የአሣሣል ልማድ ጻድቃንና ሰማዕታት ፊታቸውን ወደ ተመልካቹ መልሰው ሁለት ዓይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ አጋንንት፣ ከሓድያንና በመጨረሻው እራት ላይ የተቀመጠው ይሁዳ በጎን፣ ማለትም አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ይሣላሉ፤ ይኸው ልማድ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ተሻግሮ በብዙ የዓድዋ ጦርነት ሥዕሎች የጣልያንን ሠራዊት አንድ ዓይን አስቀርቶታል። ወላጁ ይህን ካስረዳ በኋላ፣ ልጁ ሁልጊዜ ፊቷን ወደ ጎን መለስ አድርጋ ራሷን ፎቶ የምታነሣ መሆኗ ትዝ ይለውና፣ በሊቃውንቱ ሥርዓት መሠረት ስልኳ በሙሉ ሰይጣን ብቻ የሞላበት መሆኑን በደስታ ያውጃል።

ልጅቷ አትቆጣም። ስልኳን ጥቂት ነካክታ፣ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበትን፣ ፓሪስ ውስጥ የተሠራውን የምኒልክን ብር ምስል ታወጣና፣ ዘውድ ደፍተው በጎን የተቀረጹትን ንጉሠ ነገሥት እያሳየች፣ «አባዬ፣ እሳቸውስ?» ትላለች።

ወላጅ በዚህ ጊዜ ዝም ቢል ይበጀው ነበር፤ ዝምታ ግን ከወላጅ ጠባይ አይደለም። የነገሥታትን ምስል በገንዘብ ላይ በጎን መቅረጽ ከሮማውያን የወረደ ልማድ እንደ ሆነ ያስረዳል፤ ልማዱ የባዕድ ብቻ አለመሆኑን ለማስረገጥም የአክሱሙን እንዱቢስን ይጠቅሳል፣ አልፎም ክርስትናን የተቀበለውን ኢዛናን ይጨምራል። ሁለቱም በሳንቲሞቻቸው ላይ በጎን የተቀረጹ ናቸውና፣ የወላጁ ማስረጃ በበረታ ቁጥር ከጻድቃን ወገን አንድ ንጉሥ እየተቀነሰ፣ ክርክሩ በልጅቷ አሸናፊነት ይደመደማል።

ከዚያ ወዲያ መሪነቱ ይዞራል። ልጅቷ መግለጫ ሳታነብ፣ ከሥዕል ወደ ሥዕል እየተሻገረች ዓይን ትቆጥራለች፤ ይሁዳንም ከሐዋርያቱ መካከል፣ አባቷ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ ሳያጠልቅ ታገኘዋለች። በር አጠገብ የተቀመጠው ጥበቃ ሳቃቸውን ሰምቶ፣ አንገቱን ሳያዞር በጎኑ ስለሚመለከታቸው፣ እርሱም ተቆጥሮ ከየትኛው ወገን መመደብ እንዳለበት በሹክሹክታ አዲስ ክርክር ይከፈታል፤ ወላጁም «ኧረ ዝም በዪ፣ ሰውዬው ይሰማል!» እያለ፣ ልጅቷን በክርኑ እየገፋ ወደሚቀጥለው ክፍል ያሳልፋታል።